ዛፉ ጣሪያችን ላይ በወደቀ ማግስት

ሀሪኬን የሚቆየው ለሰዓታት ነው፤ የኢንሹራንስ ጉዳዩ ግን ወራት ይወስዳል። ሂውስተን ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ቤት ከተመታበት ሌሊት እስከ ታደሰበት ቀን የሆነውን፣ ከዚያም የተገኘውን ትምህርት እነሆ።

ዕለቱ ሰኞ ነው፤ ጁላይ 8 ቀን 2024፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 1 ቀን 2016 ዓ.ም.። ሊነጋጋ ሲል ቤሪል የተባለው ሀሪኬን ማታጎርዳ በተባለችው የቴክሳስ የባህር ዳርቻ በኩል ወደ የብስ ወጥቶ ወደ ሂውስተን ይገሰግስ ነበር። ከአምስቱ ደረጃዎች ዝቅተኛው፣ ደረጃ 1 ስለነበር ብዙዎቻችን ንቀነው ነበር። ልጆቹን ግን ለጥንቃቄ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ዘርግተን አስተኛናቸው። ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ጸሎት ላይ ናት። ድንገት ቤቱን ያናወጠ ድምፅ ሰማን። የጓሯችን ትልቅ ዛፍ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ግማሹ የልጆቹ መኝታ ቤት ጣሪያ ላይ ወድቋል። ኮርኒሱ ተቀዶ ዝናቡ አልጋቸው ላይ ይወርዳል።

ልጆቹ እዚያ አልነበሩም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ስለ ገንዘብና ስለ ወረቀት ነው፤ ከዚያ ሌሊት የተረፈልኝን ትልቁን ነገር ግን አስቀድሜ ማመስገን አለብኝ።

ጠዋት እናቴ የተከመረውን ፍርስራሽ እያየች «እኛ አገር ቢሆን ይኼኔ ዕድርተኛው ሸራውን ይዞ ደርሶ ነበር። እዚህ ማን ነው የሚደርስላችሁ?» አለችኝ።

«ኢንሹራንስ አለን እማዬ» አልኳት።

«እሱስ ማን ነው? ያውቃችኋል?»

ያን ጊዜ የምመልሰው አልነበረኝም። ወራት ካለፉ በኋላ ግን የጥያቄዋ ትርጉም ገባኝ። ዕድር ሰውዬውን ያውቃል። ኢንሹራንስ ግን የሚያውቀን በወረቀታችን ብቻ ነው። በቤታችን ላይ የደረሰውን ያላየ ሰው፣ ከዚያም ያንን ሰው የማያውቅ ሌላ ሰው፣ ወረቀቱን አይቶ ይወስናል። ስለዚህ ከመጀመሪያዋ ሰዓት ጀምሮ ሥራችን ወረቀቱ እውነቱን እንዲናገር ማድረግ ነው።

«ምንም ነገር እንዳትጥዪ»

እናቴ መጥረጊያ፣ እኔ የቆሻሻ ከረጢት ይዘን ልናጸዳ ስንገባ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ሐበሻ ጎረቤታችን በሩ ላይ ደረሱ። በ2017 በሀሪኬን ሃርቪ ቤታቸው ተጎድቶ ነበርና ነገሩን ያውቁታል። «ልጄ፣ ምንም ነገር እንዳትጥዪ! መጀመሪያ ፎቶ አንሺ» አሉኝ። ያቺ ምክር በብዙ ሺህ ዶላር የምትመነዘር ነበረች።

አሠራሩ ይህ ነው። መጀመሪያ ከቤቱ ውጭ ቆመው አራቱንም ጎን ያንሱ። ከዚያ እያንዳንዱን ክፍል ከበሩ ላይ ሆነው በሙሉ፣ ቀጥሎም ጉዳቱን ቀረብ ብለው ያንሱ። ቪዲዮም ይቅረጹ፤ እየቀረጹም ቀኑን፣ ክፍሉንና የሚያዩትን ጮክ ብለው ይናገሩ። የተበላሹ ዕቃዎች ላይ የተለጠፈውን የሞዴልና የመለያ ቁጥር አይርሱ። የረጠበ ምንጣፍና ግድግዳ ሻጋታ ስለሚያመጣ ለሳምንታት ማቆየት አይቻልም። ከመጣልዎ በፊት ግን ፎቶ ያንሱና ከምንጣፉ ትንሽ ቁራጭ ቆርጠው ለናሙና ያስቀምጡ።

ሁለተኛው ግዴታ ጉዳቱ እንዳይባባስ መከላከል ነው። ይህ በውሉ ውስጥ የተጻፈ የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። ጣሪያው ተቀዶ ሳለ «ገማቹ መጥቶ ይየው» ብሎ መጠበቅ በኋላ የመጣውን ጉዳት ካሳ ሊያስከለክል ይችላል። በሸራ ይሸፍኑ፣ መስኮቱን በጣውላ ይዝጉ፣ ውሃውን ያስወጡ። ጊዜያዊ ጥገናው ኢንሹራንሱ ለሚሸፍነው ጉዳት ከሆነ ወጪው ከካሳው ጋር ይታሰባልና የሸራውንም፣ የምስማሩንም፣ የሠራተኛውንም ደረሰኝ ይያዙ። ቋሚ ጥገና ግን ኩባንያው ሳያይ አይጀምሩ።

ሦስተኛው ስልኩ ነው። ኢንሹራንስዎን በዚያው ቀን ደውለው ያሳውቁና የክሌም ቁጥር ይቀበሉ። እኔ አንድ ደብተር ገዝቼ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያነጋገርኩትን ሰው ስምና የተባልኩትን መመዝገብ ጀመርኩ። ከእያንዳንዱ ስልክ በኋላም «ዛሬ በስልክ እንደተነጋገርነው» ብዬ አጭር ኢሜይል እልክ ነበር። አበው በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት ለዚህ ይመስለኛል።

ነፋስ ነው ወይስ ጎርፍ?

ጋሼ በዚያው ቀን የራሳቸውን ታሪክ ነገሩኝ። ሃርቪ እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 2017 በደረጃ 4 ቴክሳስን መትቶ ለቀናት ሳይነቃነቅ ዘነበ። ኔደርላንድ በተባለች ከተማ ከ60 ኢንች በላይ ዝናብ ተመዝግቧል። የጋሼ ቤት ጣሪያ አልተነካም፤ ውሃው የገባው ከመንገድ ላይ በበር በኩል ነው። ኢንሹራንሳቸው «ይህ ጎርፍ ነው፤ ውልዎ ጎርፍን አይሸፍንም» ብሎ አንድም ዶላር ሳይከፍል መዝገቡን ዘጋ። የቤት ማደሻው ለጡረታ ካጠራቀሙት ወጣ።

አብዛኛው የአሜሪካ የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም። ልዩነቱ ውሃው በመጣበት መንገድ ላይ ነው። ነፋስ ወይም ዛፍ ጣሪያውን ቀዶ በዚያ ቀዳዳ የገባ ዝናብ በተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ይታያል። ከመሬት የተነሳ፣ ከወንዝ ወይም ከባህር የሞላ፣ ከመንገድ የገባ ውሃ ጎርፍ ነው፤ ለእሱ የተለየ የጎርፍ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋቋመው ብሔራዊ የጎርፍ ኢንሹራንስ ፕሮግራም ለመኖሪያ ቤቱ እስከ 250 ሺህ ዶላር፣ ለዕቃው ደግሞ እስከ 100 ሺህ ዶላር ሽፋን ይሰጣል። የቤቱና የዕቃው ሽፋን ለየብቻ የሚገዛ በመሆኑ ሁለቱንም መያዝዎን ያረጋግጡ። ሽፋኑ ሥራ የሚጀምረው በአብዛኛው ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ማዕበሉ በቴሌቪዥን መታየት ከጀመረ በኋላ መግዛት አይጠቅምም። ጎርፍ ከደረሰ ደግሞ የተፈረመ የጉዳት መግለጫ በ60 ቀን ውስጥ እንዲቀርብ ያዛል።

ስለዚህ ሲደውሉ የሆነውን በትክክል ይናገሩ። ጣሪያዎ ተቀዶ ዝናብ ገብቶ ሳለ በድንጋጤ «ቤቴን ጎርፍ ገባበት» ቢሉ ቃልዎ እንደዚያው ይመዘገባል። እኛ «ዛፍ ወደቀ፣ ጣሪያው ተቀደደ፣ በቀዳዳው ዝናብ ገባ» አልን። የሆነውም ይኸው ነበር። ቤትዎን ሁለቱም ጎድተውት ከሆነ ሁለት ኢንሹራንስ፣ ሁለት ክሌም፣ ምናልባትም ሁለት ገማች ይኖራሉ። ጉዳቱን ለየብቻ ፎቶ ያንሱ፤ ግድግዳው ላይ የቀረው የውሃ መስመር ከመጽዳቱ በፊት በሜትር ተለክቶ ይነሳ።

ከኪሳችን የሚወጣው

ፖሊሲያችንን ያነበብነው በዚያ ሳምንት ነው፤ ማንበብ የነበረብን ግን ስንገዛው ነበር። ዲዳክቲብል ማለት ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ባለቤቱ የሚሸከመው ድርሻ ነው። የእኛ ለእሳትና ለመሳሰለው 2,000 ዶላር ነበር። ለነፋስና ለበረዶ ግን «2 በመቶ» ይላል። እኛ የጉዳቱ 2 በመቶ መስሎን ነበር። ለካ ቤቱ ኢንሹራንስ የተገባለት ጠቅላላ ዋጋ 2 በመቶ ነው! ቤታችን የተሸፈነው በ320 ሺህ ዶላር ስለሆነ፣ የእኛ ድርሻ 6,400 ዶላር ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1992 ሀሪኬን አንድሩ ደቡብ ፍሎሪዳን አውድሞ በርካታ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን ለኪሳራ ከዳረገ ወዲህ፣ በባህር ዳርቻ ግዛቶች ይህ በመቶኛ የሚሰላ ዲዳክቲብል የተለመደ ሆኗል። የፖሊሲዎ የመጀመሪያ ገጾች ላይ ስለሚጻፍ ዛሬውኑ ይፈልጉት። ለነፋስ፣ ለበረዶና ስም ለተሰጠው ማዕበል የተለያየ ቁጥር ሊኖር ይችላል።

ሌላው ማወቅ ያለብዎ ፖሊሲዎ የሚከፍለው በአዲስ ዋጋ ይሁን በአሁን ዋጋ መሆኑን ነው። የአሁን ዋጋ ማለት ከእርጅና ተቀናሽ በኋላ ያለው ነው። የ15 ዓመት ጣሪያ በአሁን ዋጋ ከተሰላ ካሳው ለአዲስ ጣሪያ አይበቃም። የአዲስ ዋጋ ሽፋን ካለዎትም ኩባንያው በአብዛኛው መጀመሪያ የእርጅናውን ቀንሶ ይከፍልና፣ የቀረውን ጥገናው አልቆ ደረሰኝ ሲቀርብ ይለቃል። ለዚህ ቀነ ገደብ አለውና ይጠይቁ።

በሩን የሚያንኳኩት

በሦስተኛው ቀን ከከተማዋ የመብራት ደንበኞች ብዙዎቹ ገና ጨለማ ውስጥ ነበሩ። ከማዕበሉ በኋላ መብራት ያጡት ቁጥር ከ2 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። በሐምሌ የሂውስተን ሙቀት ቤቱ ውስጥ መተንፈስ ያቅታል። እናቴ በእርጥብ ጨርቅ ልጆቹን እያቀዘቀዘች ሳለ አንድ ሰው በሩን አንኳኳ። ጣሪያ ሠሪ ነኝ አለ። «ዲዳክቲብሉን እኔ እችላለሁ፤ እናንተ ምንም አትከፍሉም፤ ብቻ እዚህ ላይ ፈርሙ።» ባለቤቴ ደክሞት ነበርና እስክሪብቶውን ተቀብሎ ነበር። እኔም ብሆን ልከለክለው አቅሙ አልነበረኝም። የከለከለችው እንግሊዝኛ የማታውቀው እናቴ ናት። «ምንድን ነው የሚያስፈርማችሁ? ያልተነበበ ወረቀት ይፈረማል እንዴ?» አለች።

ደግ አደረገች። በቴክሳስ ከ2019 ጀምሮ ኮንትራክተር «ዲዳክቲብልህን እተውልሃለሁ» ማለቱ ሕገ ወጥ ነው። ኩባንያውም የቀረውን ገንዘብ ከመልቀቁ በፊት ዲዳክቲብሉን ስለመክፈልዎ ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል። በዚያው ግዛት ጣሪያ የሚሠራ ኮንትራክተር በእርስዎ ስም ከኢንሹራንስ ጋር መደራደርም አይፈቀድለትም። ከተፈረመው ወረቀት ውስጥ የካሳውን መብት ለሌላ የሚያስተላልፍ አንቀጽ ሊኖር ስለሚችል ጨርሰው ሳያነቡ አይፈርሙ። ቢያንስ ከሁለት ሠሪዎች በዝርዝር የተጻፈ ዋጋ ይቀበሉ፤ ሙሉ ክፍያም አስቀድመው አይስጡ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና።

650 ዶላር

ገማቹ በዘጠነኛው ቀን መጣ። ትሁት ወጣት ነው፤ ግን በዚያ ቀን ብዙ ቤት እንደሚጠብቀው ከፊቱ ይነበባል። 25 ደቂቃ ቆይቶ ሄደ። ከኮርኒሱ በላይ ወዳለው ክፍል አልወጣም። እኛም ውጣ አላልነውም።

ከሳምንት በኋላ ግምቱ በኢሜይል መጣ። ጠቅላላ ጉዳት 9,150 ዶላር። የእርጅና ተቀናሽ 2,100። ዲዳክቲብል 6,400። የሚከፈለን 650 ዶላር። ባለቤቴ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ዓመቱን ሙሉ በሺዎች የምንከፍለው ለዚህ ነው?

ጋሼን ጠራናቸው። «ይኼ እኮ የመጀመሪያ ቃላቸው ነው እንጂ የመጨረሻ አይደለም» አሉን። «እኔ በዚያን ጊዜ አንዴ እምቢ ሲሉኝ ተውኩት። የእኔስ ጎርፍ ነው፤ ብከራከርም አላሸንፍ ነበር። የእናንተ ግን ነፋስ ነው።»

ግምቱን መስመር በመስመር ከፎቷችን ጋር አስተያየነው። የተሰበሩት የጣሪያ እንጨቶች የሉበትም። ከኮርኒስ በላይ ያለው፣ በውሃ የራሰው የሙቀት መከላከያ የለበትም። የልጆቹ ክፍል ወለል የተቆጠረው በግማሽ ነው። ፈቃድ ያለው ኮንትራክተር አስመጥተን ከላይ አስወጥተን ፎቶ አስነሳንና ዋጋውን በዝርዝር አጻፍን። ከዚያ «ግምቱ ውስጥ ያልተካተቱ ጉዳቶች» በሚል ርዕስ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፈን፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ የፎቶ ቁጥር ሰጥተን፣ ዳግም እንዲታይ ጠየቅን። ስድብ የለበትም፤ ልመናም የለበትም።

ሁለተኛው ገማች ሲመጣ ኮንትራክተሩ አብሮን ነበር፤ መሰላሉም ተዘርግቶ ጠበቀው። አዲሱ ግምት 21,300 ዶላር ሆነ። ከእርጅና ተቀናሹ 4,200 እና ከዲዳክቲብሉ በኋላ 10,700 ደረሰን፤ ቀድሞ የተከፈለን 650 ከዚሁ ታስቦ። የተያዘው 4,200 ጥገናው ሲያልቅ ተለቀቀ። ከ650 ወደ 14,900 የተሻገርነው በጩኸት ሳይሆን በፎቶና በአንድ ገጽ ደብዳቤ ነው።

በዚህም ባይሳካ ሌላ መንገድ አለ። በቴክሳስ ሕግ ኩባንያው ጥያቄዎ በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ መቀበሉን ማሳወቅ፣ የጠየቀው ሰነድ ሁሉ ከተሟላለት በኋላ በ15 የሥራ ቀን መወሰን፣ እከፍላለሁ ካለ በኋላም በ5 የሥራ ቀን መክፈል አለበት። ከትልቅ አደጋ በኋላ ጊዜው ሊራዘም ይችላል። እምቢታውን ምክንያቱንና የፖሊሲውን አንቀጽ ጠቅሶ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ቅሬታ ካለዎት ለቴክሳስ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት በ1-800-252-3439 ያለ ክፍያ ማመልከት ይቻላል፤ በሌሎች ግዛቶችም ተመሳሳይ መሥሪያ ቤት አለ። ለባለቤቱ ቆሞ የሚደራደር ፈቃድ ያለው የግል ገማችም መቅጠር ይቻላል። በቴክሳስ ክፍያው ከካሳው 10 በመቶ መብለጥ አይችልም። ለትንሽ ጉዳት ላያዋጣ ይችላል፤ ለትልቅና ለተወሳሰበ ግን ይታሰብበት። ክርክሩ በገንዘቡ መጠን ላይ ብቻ ከሆነ፣ ብዙ ፖሊሲዎች ሁለቱ ወገኖች የየራሳቸውን ገማች መርጠው በዳኛ የሚጨርሱበት አንቀጽ አላቸው። ፖሊሲው የሚያስቀምጠውን የጊዜ ገደብ ግን አይለፉ። በፍሎሪዳ ለምሳሌ አዲስ ክሌም በ1 ዓመት፣ ተጨማሪ ክሌም በ18 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት።

ቼኩ ላይ ያለው ሦስተኛ ስም

ቼኩ ሲመጣ ተቃቅፈን ተደሰትን። ባለቤቴ ወደ ባንክ ሄዶ ግን ይዞት ተመለሰ። ከሁለታችን ስም ቀጥሎ የሞርጌጅ አበዳሪያችን ስም ተጽፎበታል። ብድር ባለበት ቤት ይህ የተለመደ ነው፤ ቤቱ የአበዳሪውም መያዣ ነውና። አበዳሪው ፈርሞ እስኪመልስ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ገንዘቡንም ሥራው በደረሰበት ደረጃ እየከፋፈለ ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ ለኢንሹራንሱ በደወሉበት ሳምንት ለአበዳሪውም ይደውሉና ምን ምን ሰነድ እንደሚፈልግ ይጠይቁ። ከኮንትራክተሩ ጋር የሚያደርጉት የክፍያ ስምምነትም ይህንን ያገናዘበ ይሁን።

ቤቱ የማያኖር ከሆነ ፖሊሲዎ የሆቴል ወይም የኪራይ ወጪን ሊሸፍን ይችላል። የሚከፈለው ከወትሮው ወጪዎ በላይ የሆነው ልዩነት ብቻ ነው። በወር ለምግብ 800 ዶላር የሚያወጣ ቤተሰብ ሆቴል ገብቶ 1,300 ካወጣ የሚታሰብለት 500 ነው። የመብራት መጥፋት ብቻውን ግን በአብዛኛው ይህን አያስገኝም። አደጋው በፌዴራል መንግሥት ከታወጀ ደግሞ ለፌማ በ1-800-621-3362 ማመልከት ይቻላል። ፌማ ኢንሹራንስ የከፈለውን ደግሞ አይከፍልም፤ ስለዚህ የኢንሹራንሱን የውሳኔ ደብዳቤ ይጠይቃል። አስተርጓሚ መጠየቅ መብትዎ ነው። ለማመልከት ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ አጭበርባሪ ነው።

ከሚቀጥለው በፊት

የአትላንቲክ የሀሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። አሁን በየዓመቱ ግንቦት ላይ አንድ ቅዳሜ እንመድባለን። ስልክ ይዘን እያንዳንዱን ክፍል፣ ቁም ሣጥኑንና መሳቢያውን ሳይቀር ከፍተን እንቀርጻለን። ጣሪያውንም ገና ደህና ሳለ እናነሳዋለን። ቪዲዮውን፣ ፖሊሲውንና የትልልቅ ዕቃዎችን ደረሰኝ ከቤት ውጭ በኢንተርኔት ላይ እናስቀምጣለን፤ አንድ ቅጂም ዳላስ ላለችው እህቴ እንልካለን። ዲዳክቲብሉን የሚያህል ገንዘብ ለብቻው ማጠራቀም ጀምረናል። ጓሮ የቀረውን ዛፍ አስከረከምን። የጎርፍ ኢንሹራንስም ገዛን። ሰፈራችን በካርታው ላይ ከአደገኛው ቀጠና ውጭ ነው፤ የጋሼም ቤት ውጭ ነበር። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ የሚለው ተረት ለእነሱ የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ ለእኛ በጊዜ ደረሰ።

እናቴ ወደ አዲስ አበባ የተመለሰችው የልጆቹ ክፍል ቀለም ከመድረቁ በፊት ነበር። መብራት በጠፋባቸው ቀናት አንድ ወዳጃችን ጄኔሬተር አምጥቶልን፣ ሌላዋ እንጀራና ወጥ በፌስታል ይዛ መጥታ፣ ጋሼ ደግሞ ሸራውን ጣሪያ ላይ ከባለቤቴ ጋር ወጥተው ወጥረው አይታለች። ኤርፖርት ስንሸኛት «ለካ ዕድሩም አላችሁ» አለችኝ። «ያኛው የማያውቃችሁ ዕድር ግን ደብተር ይወዳል። ደብተርሽን እንዳትጥዪው።»

አልጣልኩትም። የቤቱ ቁልፍ በሚሰቀልበት ቦታ፣ ከፖሊሲው ጋር ተቀምጧል።